ጭቃው ይተኛ

የጭቃ ሹም ይርዳውን ሞት የሰማሁት ኮኪት፣ ሐጂ ኢድሪስ መጋዘን በር ላይ ሰሊጥ ሳስመዝን ነው። ሐጂ ከመተማ የመጣ የመኪና ነጂ አነጋግረው ሲመለሱ ፊታቸው ጠቁሯል። «የሺ፣» አሉኝ፣ «አላህ ያጽናሽ። ጭቃ ሹማችን ዛሬ ጠዋት ዐረፉ አሉ።»

ሚዛኑን የያዘው ጎረምሳ ሳቅ አመለጠው። «ጭቃም ሹም አለው እንዴ?» አለ።

«አለው፤» አልሁት፣ «አንተም ሰሊጤን አስተካክለህ መዝን።»

ተናድጄ ነበር። ወደ መተማ በሚሄደው መኪና ላይ ተቀምጬ ሳስበው ግን፣ ልጁ ምን ያድርግ? ሹመቱ ከቀረ ስንት ዘመኑ። ደግሞስ በዚያ በመጀመሪያው ቀን እኛው ራሳችን ስቀን አልነበር?

በእኛ ጊዜ ጭቃ ሹም ማለት ጭቃ የሚያቦካ ሰው አይደለም። የአገር ሹም ነው፤ ግብር የሚያስገብር፣ የድንበር ጠብ የሚያበርድ፣ አዋጅ ሲመጣ ሰው የሚጠራ። ለምን ጭቃ እንደተባለ እንጃ፤ ከሹም ሁሉ ታች ሆኖ መሬቱን የሚረግጠው እሱ ስለሆነ ይመስለኛል። ይርዳው ከጭልጋ ደጋ ወርደን መተማ ዳር የሰፈርነው ሰዎች ጭቃ ሹም ነበሩ። ረዥም፣ አንገታቸው ቀጭን፣ ነጠላቸው ሁልጊዜ የነጣ ሰው ናቸው። ጭቃ ግን በእጃቸው ነክተው አያውቁም። የቤታቸው ግድግዳ የሰፈሩ መሳቂያ ነበር፤ ምርጊቱ ረግፎ፣ ውስጥ የተቀመጠው ሰው ውጭ ሆነህ ይታይሃል። «ጭቃ ሹም፣ ጭቃዎ ሸፈተብዎ እኮ» ይሏቸው ነበር ሴቶቹ። «ግብር ብጠይቀው ጊዜ ነው» ይላሉ እሳቸው። ጨዋታ ያውቃሉ። የማያውቁበት አንድ ነገር ቢኖር መዋሸት ነው። ሊዋሹ ሲሉ ግራ ጆሯቸውን ያሻሉ። ይህንን የሰፈሩ ሕፃን እንኳ ያውቅ ነበር።

ጣልያን መተማ ገብቶ ምሽግ ልሥራ ሲል ሕዝቡን ዋርካው ሥር ሰበሰበው። የሥራው አለቃ አጭር፣ ፀሐይ ያቀላው ሰው ነው። ስሙን ያወቀ አልነበረም። ከአማርኛ የሚችለው ቃል «ቶሎ» ብቻ ስለነበር፣ ቶሎ አልነው። ከጎኑ የቆመው ቱርጁማን ከሰሜን የመጣ ልጅ ነው፤ አማርኛ ይችላል፣ የእኛን አገር ደንብ ግን አያውቅም። ቶሎ ብዙ ተናገረ፣ ቱርጁማኑ አሳጥሮ አስተረጎመልን፤ ለምሽጉ ጡብ ይሠራል፣ ወንዱ ጭቃ ያቦካል፣ ሴቱ ውሃ ያመላልሳል፣ እምቢ ያለ ይታሰራል። ቀጥሎ አለቃው በጭቃው ሥራ ላይ የሚሾመው፣ ጭቃ የሚያውቅ ሰው ፈለገ። ይህንን ቱርጁማኑ እንዴት ብሎ ቢጠይቅ ጥሩ ነው? «ጭቃ ሹሙ ማነው?»

ይርዳው ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። «እኔ ነኝ» አሉ።

ሕዝቡን ወክለው ሊለምኑ ነበር አመጣጣቸው። የማሽላው አጨዳ ደርሷልና ጊዜ ይሰጠን ሊሉ፣ ቃሉን ቤታቸው ሲያሰናዱ ነው ያደሩት። ቶሎ ከእግር እስከ ራሳቸው አያቸው፣ ራሱን ነቀነቀና አካፋ አስያዛቸው። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባንም። ከዚያ ነገሩ ሲገባን፣ አቤት ሳቅ! ሴቶቹ አፋችንን በነጠላ ይዘን ተንፈቀፈቅን። የገዛ ግድግዳውን ማስመረግ ያቃተው ሰው የጭቃ አለቃ ሆነ! ቱርጁማኑ ምን እንዳሳቀን ግራ ገብቶት ያየናል። ይርዳው ብቻ አልሳቁም። ነገሩ ስህተት ነው ብለው አካፋውን መመለስ ይችሉ ነበር። ለምን አልመለሱም ተብለው በኋላ ሲጠየቁ፣ «ሌላ ሰው ሊሾም ነዋ» አሉ። «ጭቃ የሚያውቅ ሰው ቢሾም ደግሞ በሥራ ፈጃችሁ ማለት ነው።»

ሳቁ ብዙ አልቆየም። የመተማን ፀሐይ የሚያውቅ ያውቀዋል። ወንዶቹ እስከ ጉልበታቸው ጭቃ ውስጥ ገብተው ሲረግጡ ይውላሉ፣ በእንጨት ሣጥን እየሞሉ ጡብ ያወጣሉ፣ አስካሪው፣ የጣልያን ቅጥር ወታደር፣ የጉማሬ አለንጋ ይዞ ከላይ ይቆማል። «ቶሎ! ቶሎ!» ብቻ ነው የሚሰማው። ማሽላችን እርሻ ላይ ወፍ በላው። ባሌ ጥጋቡ ከጉድጓዱ ሲወጣ ማታ ሰው አይመስልም። እኔ የመጀመሪያዬን ፀንሻለሁ፤ ሆዴ እየገፋ እንስራ ተሸክሜ እመላለሳለሁ። አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና ምላሷ እሳት ነበር፣ ይርዳው በፊቷ ባለፉ ቁጥር መሬት ላይ ትተፋለች። «የፈርዖን ሹም!» ትላለች እንዲሰሙ አድርጋ። እሳቸው ሰምተው «እንደምን አረፈድሽ» ብለዋት ያልፋሉ።

አንድ ቀን ውሃ ወደምንቀዳበት መጡና ከሴቶቹ መሀል ቁጭ አሉ።

«እስቲ አስተምሩኝ፣» አሉ፣ «ይህ ጭቃ የሚሉት ነገር እንዴት ነው የሚሠራው?»

አማቴ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። አዝኜላቸው እኔ ነገርኋቸው። ምርጊት የሴት ሥራ ነውና እናውቀዋለን። ጭቃ ከጭድ ጋር ከተቦካ በኋላ ካልተኛ፣ ካልተብላላ፣ ሽታው ካልመጣ ሲደርቅ ይሰነጠቃል አልኋቸው።

«ይተኛል?» አሉ ዓይናቸው ፈጥጦ።

«ይተኛል እንጂ።»

«ምን ያህል ይተኛል?»

«እንደ ጭቃው ነው።»

«እንደ ጭቃው!» አሉ። ተነሡ፣ ነጠላቸውን አራገፉ፣ ግራ ጆሯቸውን እያሹ ወደ ቶሎ ሄዱ።

ከዚያ ወዲያ የመተማ ጭቃ እንቅልፋም ሆነ። እሑድ ይተኛል። የማርያም ዕለት ይተኛል፣ የሚካኤል ዕለት ይተኛል። ሐጂ ኢድሪስ ያን ጊዜ ሐጂ አልነበሩም፣ ከጉድጓዱ ውስጥ ሲረግጡ የሚውሉ ጎልማሳ ነበሩ፤ «የእኛስ ነገር ጭቃ ሹም?» ቢሏቸው ዓርብም ይተኛ ጀመር። ወባ የያዘው ሰው ሲበዛ ጭቃው ድንገት እንቅልፍ ይጥለዋል። ቶሎ በጫማው ጫፍ ይነካካውና ይጮኻል። ይርዳው ጎንበስ ብለው ከጭቃው ዘገን ያደርጋሉ፣ ያሸቱታል፣ ፊታቸውን ቅጭም አድርገው «ገና ነው» ይላሉ። እንዲያሸት ለቶሎም ያቀርቡለታል። አንድ ጊዜ አሽትቶ ከታመመ ወዲያ ጭቃው አጠገብ አልደረሰም። ሰው እንዲህ እያለ ወገቡን አሳረፈ። አማቴ እንኳ መትፋቱን ተወችና ዝም ብላ ታሳልፋቸው ጀመር።

ጭዱ ከደጋ በመኪና ነበር የሚመጣው፤ እኛ ቆላ የጤፍ ጭድ ከየት ይመጣል? አርበኞች የጭልጋን መንገድ ሲዘጉት ጭዱ ቀረ። ቶሎ እንደገና ዋርካው ሥር ሰበሰበን። ከእንግዲህ መተኛት የለም፤ ጭዱን ራሳችሁ ፈልጉ፣ ጡቡ ግን ከዱሮው እንዳይጎድል አለ። ቱርጁማኑ ይህን ሲናገር ቀና ብሎ አላየንም።

ከወንዶቹ ጋር ጭቃ የሚረግጡ ቄስ ነበሩ። አማተቡ። «ኦሪት ነው፣» አሉ፣ «ቃል በቃል ኦሪት ነው። እስራኤልን በግብፅ ፈርዖን እንዲህ ነው ያላቸው። ጭድ ከለከላቸው፣ ጡቡን አልቀነሰላቸውም።»

እኛ ኦሪት ሲባል የምናውቀው የባሕሩን መከፈል ነው። ጭዱን ማን ልብ ብሎት! ይርዳው ግን፣ «አባ፣» አሉ፣ «በዚያ ጊዜ ጭቃ ሹም ነበረ?»

ሰው ሳቀ። ቄሱ አልሳቁም።

«ነበሩ። ከእስራኤል ከራሳቸው ወገን በሥራው ላይ የተሾሙ ነበሩ።»

«ምን ሆኑ?»

«ጡቡ ሲጎድል ተገረፉ። ሕዝቡ ላጎደለው እነሱ ተገረፉ። ለፈርዖን ጮኹ፣ አልሰማቸውም። ሙሴንም ተቆጡት።»

«ከዚያስ?»

ቄሱ አሰቡ። «ከዚያማ ነገሩ ወደ ሙሴ ይሄዳል። ስለ እነሱ የሰማሁት የለም።»

ይርዳው በዘንጋቸው መሬቱን ጫር ጫር አደረጉ። «ባሕሩ ሲከፈል ግን አብረው ተሻግረዋል?»

«ሳይሻገሩማ አይቀሩም።»

«እንግዲያው ምን ቸገራቸው» አሉና ወደ ሥራቸው ሄዱ።

ከዚያ ወንዱ ሁሉ ሣርና አገዳ ፍለጋ በየሜዳው ተበተነ። ቶሎ ክፋት አስቦ ያደረገው ነገር ለእኛ በር ከፈተ፤ በየሜዳው ለተበተነ ሰው የሚበቃ አስካሪ አልነበረውም። የሚልካቸው ጭቃ ሹሙ ናቸው፤ አንተ በዚህ፣ አንተ በዚያ። አንድ ጠዋት ባሌን ጠርተው፣ «ጥጋቡ፣ አንተ ከኮሩ ማዶ ያለውን ሰንበሌጥ እጨድ» አሉት። ኮር የምንለው መተማን ከጋላባት የሚለየውን ደረቅ ወንዝ ነው፤ ማዶው የእንግሊዝ ነው፣ አርበኞችም እዚያ ይመላለሳሉ። «ሣሩ ረዥም ነው፣ ብዙ ያቆይሃል» አሉት። ግራ ጆሯቸውን እያሹ ነበር። እኔም አየሁ፣ ጥጋቡም አየ። ማጭዱን አነሣ፣ ሆዴን በዓይኑ ዳሰሰው፣ ሄደ። አልቅሼ ቢሆን ያሳብቅብኝ ነበርና እንስራዬን አነሣሁ።

ማታ ሰው ተሰልፎ ሲቆጠር አንድ ሰው ጎደለ። ደንቡን ሁላችንም እናውቀዋለን። የኮብላይ ቤት ይቃጠላል፣ ሚስቱ ታስራ ወደ ጎንደር ትሄዳለች። ሄዳ የተመለሰች አላየንም። አስካሪዎቹ የሚቆጥሩት ራስ ነው እንጂ ስም አያውቁም፤ የማን ባል እንደጎደለ የሚያውቁት እኛና ጭቃ ሹሙ ብቻ ነን። ቶሎ ይርዳውን ወደ ፊት አስወጣቸው። ቱርጁማኑ አስተረጎመ። «የጎደለው ማነው? ሚስቱስ የትኛዋ ናት? ይንገሩና ወደ ቤትዎ ይሂዱ።»

እንስራዬን እንዳቀፍሁ ቆሜያለሁ። ሆዴን ማየት ለፈለገ ሰው ይታያል። ይርዳው ሊዋሹ ነው ብዬ ጠበቅሁ፣ ጆሯቸውን ሊያሹ ነው፣ አለቀልን ብዬ ጠበቅሁ። ቶሎም እኮ ይህን ያህል ጊዜ አብሯቸው ውሎ ጆሯቸውን አውቆታል። እሱም እጃቸውን ነው የሚያየው።

እጃቸው አልተንቀሳቀሰም።

«ጭቃው የእኔ ነው» አሉ። «ሰዉም የእኔ ነው። የጎደለው ከእኔ ነው።»

ቱርጁማኑ አንገቱን ደፍቶ ለቶሎ ተረጎመለት። አስካሪዎቹ ነጠላቸውን ገፈው ጡቡ ላይ አስተኟቸውና በጉማሬ አለንጋ ጀመሩ። ያንን የነጣ ነጠላ ጭቃ ላይ ተጥሎ ሳየው ማልቀስ ጀመርሁ። በየመሀሉ ቶሎ ይጠይቃል፣ እሳቸው ያንኑ ይመልሳሉ። ጭቃው የእኔ ነው። ጀርባቸው ተላጠ። አማቴ ክንዴን ጨብጣ ይዛኛለች፤ ጥፍሯ ሥጋዬ ገብቷል። አልቻልሁም። ሰው በእኔ ፈንታ ሲሞት ቆሜ ላይ ነው? ክንዴን መነጨቅሁና አንድ እርምጃ ወደ ፊት ሄድሁ። እኔ ነኝ ልል አፌን ከፍቻለሁ።

ይርዳው ከተኙበት ቀና አሉ።

«አንቺ ሰነፍ!» ብለው ጮኹብኝ። «ምን ተገትረሽ ታያለሽ? ጭቃው ሊደርቅ ነው! ሂጂ ውሃ ቅጂ!»

በሰው ላይ ሲጮኹ ሰምቼ አላውቅም፤ በእኔ ላይማ እንዴት ተደርጎ። ደንግጬ ክው አልሁ። አስካሪው ራሱ ስቆብኝ በአለንጋው ጫፍ መንገዱን አሳየኝ። ሄድሁ። ምን ላድርግ፣ ሄድሁ። ኮሩ ውስጥ የውሃ ጉድጓዱ አጠገብ ቁጭ ብዬ፣ ጆሮዬን በሁለት እጄ ደፍኜ፣ ለማርያም ነገርኋት።

ስመለስ ቶሎ ሄዷል፣ ሴቶቹ ይርዳውን ዳስ ሥር በሆዳቸው አስተኝተው ጀርባቸውን ቅቤ ይቀባሉ። የምትቀባው አማቴ ናት። እያለቀሰች ትቀባለች፣ እየቀባች ትሰድባቸዋለች፤ «ሞኝ! ምን ነካህ? እንዲህ ያለ ሞኝ ሹም የት አገር ታይቶ ያውቃል?» ፊታቸው አጠገብ ተንበረከክሁ። አንድ ዓይናቸውን ከፈቱ።

«ውሃውስ?» አሉኝ።

ለካ እንስራዬን ባዶውን ይዤው ተመልሻለሁ። ሳልቀዳ!

«ግድ የለም፣» አሉ፣ «ጭቃው ይተኛ።»

በነጋታው ቱርጁማኑ ብቻውን መጣ። ዳሱ ደጃፍ ቆሞ ቆቡን በእጁ ይጠመዝዛል። «አባቴ፣ ይቅር ይበሉኝ» አላቸው። «በመጀመሪያው ቀን ቃሉን አበላሽቼ ነው። የሥራ አለቃ ማለት ሲገባኝ ጭቃ ሹም አልሁ። በኋላ ነው ሰዎች የነገሩኝ። በእኔ ስህተት ነው እዚህ የደረሱት።»

ይርዳው አጠገባቸው እንዲቀመጥ በእጃቸው መሬቱን መታ መታ አደረጉ። «አልተሳሳትህም፣ ልጄ» አሉት። «አገሬ ሲሾመኝ ምን አድርግ ብሎ እንደሾመኝ አልገባኝም ነበር። ግብር የማስገባ መስሎኝ ነበር። አንተ ነህ ያስረዳኸኝ።»

ልጁ እንባው መጣ። ከዚያ ወዲያ ቶሎ ስለ ኮብላዮች ሲጠይቅ ቱርጁማኑ ምን ብሎ እንደሚያስተረጉም እሱና አምላኩ ያውቃሉ፤ ቤቱ የተቃጠለበት ሰው ግን አልነበረም።

ልጄን የወለድሁት ክረምቱ ሊገባ ሲል ነው። ሴት ናት። ይርዳው በዘንግ ተደግፈው፣ ወገባቸው ከዚያ ወዲያ ቀንቶ አያውቅም፣ ሊጠይቁኝ መጡና ሕፃኗን አዩአት። «ቶሎ ጎደለ ጎደለ እያለ ነው የገረፈኝ» አሉ። «ይኸው አልጎደለም፣ እንዲያውም ተርፎናል። ትርፌ በሏት።» ትርፌ አልናት።

ጦርነቱ ኮሩ ድረስ መጥቶ መድፍ ሲያገሳ ቶሎ በገዛ ስሙ ሄደ፤ ቶሎ ብሎ፣ አካፋውን ሳይቀር ጥሎ። ባሌ ከአርበኞቹ ጋር ተመለሰ። የአርበኞቹ አለቃ ዋርካው ሥር ሰብስቦን፣ ለጣልያን የተሾመ ባንዳ ይውጣ ሲል፣ ሰው በሰው ሲተያይ ይርዳው ደግሞ ዘንጋቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። «በጭቃው ላይ የተሾምሁ እኔ ነኝ» አሉ። ዐዋቂ ሞኝ! አለቃው ጠመንጃውን ሲያነሣ አማቴ ሮጣ መሀላቸው ገባች። «በጭቃው ላይ ነው የተሾመው፣» አለችው፣ «በእኛ ላይ አይደለም!» ጥጋቡ የቀረውን ነገረው። አለቃው ጠመንጃውን አወረደና ጎንበስ ብሎ ጉልበታቸውን ሳመ።

መተማ ስደርስ ቀብሩ ሊደርስ ነው። ትርፌ ከገንዳ ውሃ ልጆቿን ይዛ ቀድማኛለች፤ እሷም አያት ሆናለች። ሐጂ ኢድሪስ መጋዘናቸውን ዘግተው በኋላዬ ደረሱ። ያን ጊዜ ጭቃ ከረገጡት የቀሩት ጥቂት ሽማግሌዎችና ጥቂት አሮጊቶች ነን። ማንም ማንንም ሳይነግረው፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ እቅፍ ጭድ ይዘን መጥተናል። ሐጂ በማዳበሪያ ከረጢት፣ ትርፌ በነጠላዋ፣ እኔ በመቀነቴ አስሬ። ተያየን። ከዚያ ተላቀስን።

አፈር ከለበሱ በኋላ ነገሩ መቃብሩ ላይ ደረሰ፤ የልጅ ልጆቻቸው ሲሚንቶ ገዝተው ነበር። መቃብሩ በጡብ ይሁን፣ በጭድ በተቦካ ጡብ ይሁን ብለን አስቸገርን። ያመጡት ግንበኛ ወጣት፣ ጨዋ ልጅ ነው፤ ጭዱን ተቀበለን፣ ጭቃውን አቦካው፣ እጁን ታጥቦ ሰዓቱን አየ።

«አይዞዎት እማማ፣» አለኝ፣ «ዛሬውኑ ቶሎ እጨርሰዋለሁ።»

ያችን ቃል ሲል አሮጊቶቹ ሁሉ ቀና አልን። ሐጂ አፋቸውን ያዙ። ልጁ ምን እንዳጠፋ ግራ ገብቶት እኛን ያያል። እኔ ጎንበስ ብዬ ከጭቃው ዘገን አደረግሁና አሸተትሁት፣ ፊቴን ቅጭም አድርጌ።

«ገና ነው፣» አልሁት፣ «ጭቃው ይተኛ።»

ልጁ አካፋውን አስቀመጠ። እኛም መቃብራቸው አጠገብ፣ ጥላው ሥር፣ ቁጭ አልን። የቸኮለ አልነበረም።